ጎረቤት የሌለበት ጫካ

ዝማሬ እናቷን የዋሸቻት አራት ጊዜ ነው። አራቱም አንድ ዓይነት ውሸት ስለነበሩ እሷ እንደ አንድ ነበር የምትቆጥራቸው። ዓርብ ማታ «የወጣት ሴቶች የጸሎት ሪትሪት አለን፣ ተራራ ላይ ስለሆነ ስልክ አይሠራም» ትላለች። ቅዳሜ በጠዋት ድንኳኗን መኪናዋ ውስጥ ትከትና ትሄዳለች፤ እሁድ ከሰዓት በኋላ አቧራ ለብሳ፣ ፊቷ በርቶ ትመለሳለች። እናቷ ባንቺአየሁ ያ ብርሃን ከጸሎቱ የመጣ መስሏት ጌታን ታመሰግን ነበር። ነገሩ የተበላሸው ምስጋናው ሲበዛ ነው። አንድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ የፓስተሩን ሚስት እቅፍ አድርጋ «ለልጄ ስላዘጋጃችሁት ሪትሪት ዘመናችሁ ይባረክ» አለቻት። የፓስተሩ ሚስት ሰው ማሳፈር የማትወድ ሴት ናትና መጀመሪያ «አሜን» አለች። ቀጥላ «የትኛው ሪትሪት?» አለች።

ዝማሬ ግን ክፉ ነገር አልሠራችም። ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ ቶራንስ ከተማ ባለ አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ ስልክ መላሽ ናት። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ስምንት ሰዓት፣ መኪናው የተጋጨበት ሰው ሁሉ የገጨው የኢንሹራንሱ ቢሮ ይመስል ጆሮዋ ላይ ይጮኻል። ሥራውን አትጠላውም፤ ዓርብ ሲደርስ ግን የሰው ድምፅ ሁሉ የዝንብ ድምፅ ይሆንባታል። ስለ ተራራው የነገረቻት አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ናት። ከከተማው ሁለት ሰዓት ተኩል ድራይቭ አድርገሽ፣ በረሃውን አቋርጠሽ ሽቅብ ስትወጪ ጥድ ይጀምራል። የመንግሥት ደን ነው። በር የለው፣ ቢሮ የለው፣ ቁጥር የተጻፈበት ቦታ የለው። የአፈሩን መንገድ ይዘሽ ትሄጂና ከዚህ በፊት ሰው ያደረበት ሜዳ ስታገኚ ድንኳንሽን ትተክያለሽ። ነፃ ነው። ውሃሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ ቆሻሻሽን ይዘሽ ትመለሻለሽ። ማንም አይመጣብሽም። ዝማሬ ይህችን የመጨረሻዋን ስትሰማ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ውሸቱ ከተገለጠ በኋላ ይህን ሁሉ ለእናቷ አስረዳች። ባንቺአየሁ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ብቻሽን?» አለች።

«ብቻዬን።»

«ጅብ የለም?»

«አሜሪካ ጅብ የለም እማዬ።»

«ሰውስ አለ?»

«ሰውም የለም።»

«ታዲያ ጅብ ካለበት በምን ተሻለ?»

ባንቺአየሁ ልጇን አትከለክልም፤ መከልከል የእሷ መንገድ አይደለም። የእሷ መንገድ ጾም ነው። «ሂጂ፣ ሠላሳ አንድ ዓመትሽ ነው። እኔ ግን አንቺ በሰላም እስክትመለሺ እህል አልቀምስም» አለች። ባንቺአየሁ ደም ግፊት አለባት፤ ሐኪሟ ባዶ ሆዷን እንዳትውል ሁለት ጊዜ አስጠንቅቋታል። የእናትን ባዶ ሆድ እያሰቡ ጥድ ሥር መተኛት ደግሞ ስልክ ከመመለስ ይብሳል። እናቷ ወዳ ካልሸኘቻት ዝማሬ ተራራውን መርሳት ነበረባት።

ነገሩ ጋሼ ግርማቸው ዘንድ ቀረበ። ጋሼ ግርማቸው ዌስት አዳምስ ሰፈር ውስጥ ከእነ ባንቺአየሁ በታች ባለው አፓርትመንት የሚኖሩ ጡረተኛ ናቸው፤ ቀን ቀን ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለ ምግብ ቤት መስኮት አጠገብ አይጠፉም። እሳቸው ኦርቶዶክስ፣ እነ ባንቺአየሁ ጴንጤ ናቸው። ስለ ሃይማኖት መጨቃጨቁን ከአሥር ዓመት በፊት ስለጨረሱት አሁን ወዳጆች ናቸው። በዚያ ላይ ጋሼ ግርማቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ ዕድገት በኅብረት ዘምተው ሰባት ወር ድንኳን ውስጥ ኖረዋል። ድንኳን በተነሳ ቁጥር ነገሩ እሳቸውን ይመለከታል።

ሁለቱንም ወገን አዳምጠው ፈረዱ። «ባንቺ፣ ያላየሽው ነገር ላይ አትፍረጂ። አንድ ሌሊት አብረሻት እደሪ። ከወደድሽው ልጅቷ ትሄዳለች፣ አንቺም እህልሽን ትበያለሽ። ካልወደድሽው ድንኳኑ ይሸጣል።»

«ተስማምቻለሁ» አለች ዝማሬ።

«እኔም። እና መቼ እንሂድ?» አለች ባንቺአየሁ።

«ሂዱ፣ መልካም መንገድ» አሉ ጋሼ ግርማቸው።

«ያለ ምስክር?» አለች ባንቺአየሁ።

ጋሼ ግርማቸው ፍርዱ እሳቸው ላይም እንደዞረ የገባቸው ይሄኔ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ባንቺአየሁ ለሦስት ሰው የአንድ ሌሊት ስንቅ ብላ አሥራ ሁለት ሰው የሚያጠግብ ቋንጣ ፍርፍር፣ ሁለት ድፎ ዳቦና አንድ ባልዲ ቆሎ ይዛ ወረደች።

«እማዬ፣ ይሄ ሁሉ ለማን ነው?»

«ሰው ቢመጣስ።»

«ሰው አይመጣም፤ የምንሄደው እኮ ለዚያ ነው!»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ» አለችና ባልዲውን እግሯ ሥር አስቀመጠችው።

ፍሪዌዩ አልቆ በረሃው ሲመጣ ግራና ቀኝ ክንዳቸውን ወደ ሰማይ የዘረጉ እሾሃማ ዛፎች ቆመው ነበር። ባንቺአየሁ ወደደቻቸው። «እዩዋቸው፣ እያመለኩ ነው» አለች።

«ተማርከው ነው እንጂ» አሉ ጋሼ ግርማቸው ከኋላ።

ከዚያ አቀበቱ መጣ፤ ጥዱ መጣ፤ አስፋልቱ አልቆ መኪናዋ እንደ በቅሎ ትዘል ጀመር። የባንቺአየሁ ስልክ ላይ የነበሩት የኔትወርክ መስመሮች አንድ አንድ እያሉ ጠፉ። ስልኩን በመስኮት አውጥታ ወደ ላይ ያዘችው፤ ከዚያ ወደ ጎን። በመጨረሻ የሞተ ሰው ዓይን እንደሚከደን አድርጋ ሽፋኑን ከደነችውና ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው። ዝማሬ በጎን አየቻት። ጅምሩ ጥሩ አልነበረም።

ቦታው ግን ጥሩ ነበር። ሦስት ትልልቅ ጥዶች፣ ከሥራቸው ደልዳላ ሜዳ፣ ፊት ለፊት ገደሉ፣ ከገደሉ ማዶ ደግሞ በረሃው እስከ ዓለም ጫፍ ተዘርግቶ። የጥድ ሽታ አለ። ድምፅ የለም። ዝማሬ ሞተሩን አጥፍታ እናቷ ይህን ዝምታ እስክትሰማው ጠበቀች።

ጋሼ ግርማቸው ከመኪናው ወርደው፣ ኮታቸውን አስተካክለው፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ ዛፎቹ «ቤቶች!» አሉ።

ማንም አልመለሰም።

«ጋሼ፣ ማንን ነው የምትጠራው?» አለች ዝማሬ።

«ዝም ብሎ ሰው ግቢ ይገባል እንዴ?»

«የማንም ግቢ አይደለም።»

«የማንም ያልሆነ መሬት የለም። ለዚህ ጉዳይ ዘምቻለሁ።»

«የመንግሥት ነው ተብሏል» አለች ባንቺአየሁ፤ ዙሪያዋን እያየች። «መንግሥት የታለ?»

ዝማሬ ለጋዝ ምድጃዋ ያወጣችውን ፈቃድ ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻት። በበጋ እንጨት ማንደድ ክልክል ነው፤ ለምድጃም ወረቀት ያስፈልጋል። ባንቺአየሁ ወረቀቱን ፊትና ጀርባውን አየችው። ትንሽ ተጽናናች።

ድንኳኑ የአሁን ዘመን ድንኳን ስለነበር በስድስት ደቂቃ ቆመ። ጋሼ ግርማቸው ይህን እንደ ስድብ ቆጠሩት። አካፋ ጠየቁ። አካፋ ሲያጡ የባንቺአየሁን ጭልፋ ይዘው በድንኳኑ ዙሪያ ቦይ መቆፈር ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«ጎርፍ ሲመጣ አልጋሽ ሥር እንዳይገባ።»

«እዚህ እኮ ከሚያዝያ ጀምሮ ጠብ አላለም!»

«እኛም እንደዚያ ብለን ነበር» አሉ፤ መቆፈራቸውን ቀጠሉ። መሬቱን እንዳገኙት መተው የቦታው ሕግ ስለሆነ ዝማሬ ከኋላቸው እየተከተለች በእግሯ መልሳ ደፈነችው። አንዱን ዙር ሲጨርሱ ጋሼ ግርማቸው ዞር ብለው የጀመሩበትን ቦታ አጡት። አልገረማቸውም፤ በዘመቻውም የሠሩት ሁሉ እንዲሁ ነበር የሆነው።

ባንቺአየሁ ይሄን ጊዜ ገደሉ ጫፍ ቆማ ቁልቁል ታይ ነበር። ሦስት መቶ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ ሌላ ጥድ ሥር፣ አሮጌ ቡናማ ፒክአፕ ፓርክ ተደርጓል። አጠገቡ አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጧል።

«ያ ሰው ብቻውን ነው?»

«ይመስለኛል።»

«ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም አልሆነም። ካምፕ እያደረገ ነው።»

«ሰው ምንም ሳይሆን ብቻውን አይቀመጥም። ወይ ሞቶበታል፣ ወይ ሚስቱ ጥላው ሄዳለች። ጋሼ ግርማቸው፣ ምን ይመስልዎታል?»

«ፖሊስም ሊፈልገው ይችላል» አሉ ጋሼ ግርማቸው፤ በቅን ልቦና።

«ኦኬ፣ ስሙኝ» አለች ዝማሬ። «እዚህ ሥርዓት አለ። ሰው የሚመጣው ሰው ላለማየት ነው። ስለዚህ፣ ሌላው ካለበት ርቀሽ ትተክያለሽ፣ አትጠጊም፣ አታናግሪም። እሱም አይጠጋሽም። ባለፉት ጊዜያት ሁሉ እዚያው ነበር፣ አንድም ቀን ቃል አልተለዋወጥንም።»

ይህን ያለችው እናቷን ለማረጋጋት ነው። ቃሉ ከአፏ ወጥቶ ሳያልቅ ስህተቷ ገባት።

ባንቺአየሁ ቀስ ብላ ዞረች። «አራት ሌሊት ያ ሰው አጠገብ አድረሻል።»

«አጠገብ አይባልም...»

«ስሙ ማን ነው?»

«አላውቅም።»

«አራት ሌሊት ከጎረቤትሽ ጋር አድረሽ ስሙን አታውቂም።» ድምፅዋ አልጨመረም፤ እንዲያውም ቀነሰ። «ቢያምሽ እማን በር ትሄጃለሽ? እሱስ ቢያመው? ሞቶ ቢሆንስ?»

ጋሼ ግርማቸው ጭልፋውን በሱሪያቸው እየጠረጉ «ይሄ ከበድ ይላል» አሉ፤ በዳኛ ድምፅ። ዝማሬ ድንኳኑ እዚያው ቆሞ ሳለ በልቧ ሲሸጥ ታያት።

ባንቺአየሁ ነጠላዋን አጣፋች፤ ትልቁን የቋንጣ ፍርፍር ዕቃ አነሳችና ቁልቁል መንገድ ጀመረች።

«እማዬ! አይሆንም! እማ!»

ዝማሬ ተከተለቻት። ሽማግሌ የሌለበት ነገር አያምርምና ጋሼ ግርማቸውም ዳቦውን ይዘው ተከተሉ።

ሰውየው ስድሳዎቹን ያጋመሰ፣ ነጭ ጢም ያለው፣ ሰፊ ባርኔጣ ያደረገ ነው። ከመጽሐፉ ቀና ሲል ነጠላ የለበሰች ሴት፣ ኮት የለበሱ ሽማግሌና የምታለቅስ የመሰለች ወጣት ተሰልፈው ወደ እሱ ይመጣሉ። መጽሐፉን ዘጋው። ፊቱ የሸሸው ነገር አድራሻውን አግኝቶ የመጣበት ሰው ፊት ነበር።

«ሃሎ ማይ ብራዘር» አለች ባንቺአየሁ። ሎስ አንጀለስ ሃያ ሁለት ዓመት አረጋውያንን ስትንከባከብ ኖራለችና ምግብ ለማብላት የሚበቃ እንግሊዝኛ አላት። «ብላ።»

ሰውየው አመስግኖ በልቻለሁ አለ።

ባንቺአየሁ ፈገግ አለች። የጨዋ ልጅ ነው ማለት ነው። አንደኛውን እምቢታ ተቀብላ ዕቃውን ከፈተች። ሰውየው በእውነት አልራበኝም አለ። ሁለተኛ። ባንቺአየሁ ፍርፍሩን ጠቅልላ ዘረጋችለት። ሰውየው ወደ ዝማሬ አየ።

«እምቢ ማለት አይቻልም?» አላት በቀስታ፤ በእንግሊዝኛ።

«ይቻላል። ማንም አይሰማህም እንጂ» አለችው።

በላ። ቃሪያው ጋ ሲደርስ ባርኔጣውን አወለቀ። ሁለተኛውን ጉርሻ ያለ ልመና ተቀበለ፤ ሦስተኛውን ጠየቀ። ቶማስ እባላለሁ አለ። ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ እንደወጣና በየሳምንቱ እዚህ እንደሚመጣ ነገራቸው። ከኋላው ስልሳ ሕፃን ሳይጮኽበት ወንበር ላይ መቀመጡን እስካሁን እንዳላመነው ተናገረ።

«ዝማሬ» አለች ባንቺአየሁ፣ «አሁን ንገሪው። ልጄን አደራ ሰጥቼሃለሁ በይው።»

ዝማሬ በአፍረት አንገቷን ደፋች። «እናቴ ስላወቀችህ ደስ ብሏታል» አለችው።

«አጠረ» አለች እናቷ። «አደራው የታለ?»

ጋሼ ግርማቸው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጡ። የእሳቸው እንግሊዝኛ የድሮ የዩኒቨርሲቲ እንግሊዝኛ ነው፤ ከስንት ዓመት በኋላም ካራቫት ያሰረ ነው። «ክቡር ሆይ፣ ይህች እናት አንድ ልጅ አለቻት። ልጇን በመጀመሪያ በእግዚአብሔር፣ ቀጥሎ በእርስዎ እጅ ታስቀምጣለች» አሉ።

ዝማሬ መሬቱ ቢውጣት ወደደች። ቶማስ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ምን ማድረግ አለብኝ?» አለ።

«ብዙ አይደለም። ልጅቷ በመጣች ቀን ጠዋት ሲነሱ ወደዚያ ይመለከታሉ። እጅ ያነሳሉ። እሷም ታነሳለች። በቃ። እጅ ካላነሳች ሄደው ያዩዋታል።»

«ብረሳስ?»

ጋሼ ግርማቸው አሰቡ። «ሕግ አይጠይቅዎትም። እኛ ዘንድ ግን አደራ የበላ ሰው ከሌባ በታች ነው።»

ቶማስ እሱም አሰበ። «ኦኬ» አለ። ዝማሬ በቀን መቶ ጊዜ ኦኬ ትሰማለች፤ ይህኛው የቃለ መሐላ ያህል ቆይቶ ነው የወጣው። ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ ሰማያዊው ድንኳን የአንቺ ነው አይደል አላት። አዎ አለችው። «እሱን ድንኳን ባየሁ ቁጥር ራዲዮዬን አጠፋለሁ፤ ጸጥታ ፈልጋ የመጣች ትመስላለች ብዬ» አላት።

«ምን አለ?» አለች ባንቺአየሁ።

ዝማሬ ተረጎመችላት። ከራስጌዋ የሚያንቀላፋው ዝምታ ሁሉ ከተፈጥሮ የመጣ ይመስላት ነበር፤ ለካ ግማሹ የቶማስ ነው። ይህን ለመዋጥ ጊዜ ፈጀባት። ባንቺአየሁ ግን ወዲያው ነው የዋጠችው፤ ቶማስን ከላይ እስከ ታች አየችውና አራተኛ ጉርሻ ጠቀለለችለት።

«ተፈረደ?» አለች ዝማሬ ሽቅብ ሲመለሱ።

«ገና ነኝ። አንድ ሰው ሰፈር አይሆንም» አለች እናቷ።

ጋሼ ግርማቸው ድንኳን ለወጣት ነው ብለው መኪና ውስጥ ተኙ። ባንቺአየሁ ድንኳኑ ውስጥ ገብታ ዓይኔን አልከድንም አለች፤ ጸሎት ጀመረች፤ «በዚህ ምድረ በዳ» ስትል እንቅልፍ ወሰዳት። ሌሊቱን ሙሉ አንኮራፋች።

ጠዋት ዝማሬ ስትነቃ የእናቷ ቦታ ባዶ ነው። ጫማዋ የለም። አንደኛው ድፎ ዳቦም የለም። ልቧ ደነገጠ፤ ከዚያ ዳቦው መጥፋቱን ስታሰላስል ድንጋጤው መልኩን ቀየረ። ጋሼ ግርማቸውን ቀስቅሳ በአፈሩ መንገድ ላይ የእናቷን ዱካ ተከተሉ።

ሩቅ አልሄደችም። መታጠፊያው ጋ ሞተር ብስክሌታቸውን ያቆሙ ሁለት ጎረምሶች ዳቦ እየበሉ ነበር፤ ዝማሬን ሲያዩ «ዝማሬ!» ብለው እጃቸውን አነሱ። ስሟን በትክክል ነበር የጠሩት፤ እስኪያጠሩት ድረስ እናቷ እንዳልለቀቀቻቸው ያስታውቃል። ትንሽ ዝቅ ብሎ ባንቺአየሁ ከሁለት ኮሪያውያን ባልና ሚስት ጋር ታጥፎ በሚዘረጋ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጣለች። አሮጊቷ ኮሪያዊት የላጠችውን ፍሬ ትዘረጋላታለች። ባንቺአየሁ እምቢ ትላለች፤ አሮጊቷ አትሰማም። ባንቺአየሁ ዳቦ ትዘረጋለች፤ አሮጊቷ እምቢ ትላለች፤ ባንቺአየሁ አትሰማም። ሁለቱም አፋቸው ሞልቷል። በመጨረሻ ባንቺአየሁ ስትነሳ እጇ ላይ አንድ ከረጢት ፍሬ ነበር።

«አሸነፈችኝ» አለች ለጋሼ ግርማቸው፤ በአክብሮት። «እነዚህ ሰዎች አደራ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። አላስረዳሁም፤ ልጄ ናት ብቻ ብዬ ወደ ላይ ጠቆምኩ።»

«እማዬ፣ እኔ እዚህ የምመጣው ብቻዬን ለመሆን ነው።»

«ሁኚ! ማን ከለከለሽ? ብቻሽን ሁኚ፣ ግን ሰው ይወቅሽ።» ወደ ጥዶቹ ዞር ብላ አየች። «ጫካ ነው ብለሽ አስፈራራሽኝ እንጂ ይሄ ሰፈር ነው። ቤቶቹ ተራርቀው ነው የተሠሩት።»

«እና?» አሉ ጋሼ ግርማቸው።

«ትሂድ። እኔም እበላለሁ» አለች ባንቺአየሁ።

«ምስክር ነኝ» አሉና ጋሼ ግርማቸው ከከረጢቱ አንድ ፍሬ አነሱ።

በሚቀጥለው ወር ዝማሬ ብቻዋን ወጣች። ድንኳኗን ተከለች፤ ወንበሯን ገደሉ ፊት አደረገች፤ የሳምንቱ ድምፅ ሁሉ ከጆሮዋ ቀስ እያለ ወረደ። አንድ ሰዓት ሙሉ አንዲት ወፍ ብቻ ናት ያናገረቻት።

ወደ ማታ ገደማ ቶማስ ሽቅብ ሲመጣ አየችው። ሃያ እርምጃ ሲቀረው ቆመና ባርኔጣውን አወለቀ። «ማስቸገር አልፈለግሁም» አላት። «የእህቴ ልደት ነው፣ ዛሬ ማታ መውረድ አለብኝ፣ ጠዋት አልኖርም።»

«ምንም አይደለም፣ በሰላም ሂድ» አለችው ዝማሬ።

«የለም፣ ምንም አይደለም አይባልም» አለ ቶማስ ኮስተር ብሎ። «አደራ ነው።» ቃሉን ከጋሼ ግርማቸው እንደሰማው በአማርኛ ነው ያለው፤ «ራ»ው ትንሽ ጠንክሮበታል። «እዚያ ቢጫው ቫን ውስጥ ላሉት ባልና ሚስት አስተላልፌሻለሁ። ዛሬ ነው የመጡት፣ ከሳን ዲዬጎ ናቸው። ሁሉንም አስረድቻቸዋለሁ፤ ጠዋት እጅ ማንሳቱን፣ ከሌባ በታች የሚለውንም። መጀመሪያ አልገባንም አሉ። ሾርባ ይዤ ተመልሼ ሄድኩ። አልራበንም አሉ።»

«እና?»

«ሦስት ጊዜ አሉ፤ ከዚያ በሉ» አለ ቶማስ።

ዝማሬ ከትከሻው በላይ አየች። ቢጫው ቫን ጣሪያ ላይ ወንድና ሴት ቆመው፣ ገና ጠዋት እስኪሆን መጠበቅ አቅቷቸው፣ አራት እጃቸውን በአየር ላይ ያወዛውዛሉ።

ዝማሬ እጇን አነሳች። ሌላ ምን ታድርግ።